የሳይኮሎጂ ተማሪ ጤና ጣቢያ ይግባ ወይስ አይግባ?

ጠያቂው (ደሴ)፦ የሳይኮሎጂ ተማሪዎች ልምምዳቸውን ጤና ጣቢያ ገብተው ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር በአንድ ቡድን ይሥሩ? እኔ ይግቡ ባይ ነኝ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ስንቱ ሐዘኑን ይዞ ተመላላሽ ክፍል ይሰለፋል! «ጭንቅላቴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ» ይልና ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል።

ነርስ (ኩታበር)፦ ወንድምዓለም፣ ሐሳቡስ ደግ ነው። ማን ያሠልጥናቸው? አንድ ጤና ጣቢያ ሲቋቋም ከ15 እስከ 25 ሺህ ሰው ያገለግላል ተብሎ ነው። ወረፋ ትተን ተማሪ እናስተምር? ባለፈው የመጡት ነጭ ጋዋን ለብሰው ሲቀመጡ እናቶች «ዶክተር» እያሉ መርፌ እዘዙልን ይሏቸዋል። ልጆቹ ጭጭ!

ተማሪ ነኝ፦ እህትዓለም፣ ምን እንበል? ክፍል ውስጥ የተማርነው የ50 ደቂቃ ምክክር ነው። እናንተ ጋ ቢበዛ 20 ደቂቃ ይገኛል፤ በዚያች ምን እንደሚሠራ ያሳየን የለም።

መምህር፦ በድብርት መጠይቁ፣ በፒኤችኪው 9፣ ይጀምሩ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት 9 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። ዋናው ዘጠነኛው ነው፤ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። እዚያ ላይ ከ0 በላይ ከተመለሰ ተማሪው ብቻውን አይዘውም፤ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ጤና መኮንኑን ይጠራል። ይህን ደግሞ በመጽሐፍ አያጠኑትም፤ እዚያው አብረው ሲሠሩ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ አይግቡ! እዚህ ሁሉ ዘመድ ነው። ቡና የምንጣጣት ጎረቤቴ ልጅ ፊት የትዳሬን ጣጣ ልዘርግፍ? ጠበሉም፣ ተሰብስበን የምንጸልይበት ወዳጃውም አለልን፤ እዚያ ቢያንስ ጓዳዬ ካርድ ላይ አይጻፍም።

ጤና መኮንን፦ ጠበሉን ማን ከለከለ? እኔን የሚቸግረኝ ጠበል ሲገባ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ነው። እሱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋግር ሰው ባገኝ ደስታዬ ነው። የምስጢሩ ነገር ግን እውነት አለው። ተማሪው ከትውልድ ወረዳው ውጭ ይመደብ። ካርድ ላይም «እንቅልፍ የለም፣ ድምር 14፣ በሁለት ሳምንት ትመለስ» ይበቃል፤ የባልና ሚስት ጠብ ለኔ ምን ይሠራልኛል?

ነርስ (ኩታበር)፦ እንግዲያው መምህሩም አብሮ ይምጣ፤ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ። ልጆቹን ከአውቶብስ አራግፎ፣ መጨረሻ ላይ ለፊርማ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ እኔ አልፈርምም።