ኦይል ሲሉ ሻፍቱ ወደ ፊት ሲዞር ያፈሳል፣ ወደ ኋላ ሲዞር ግን ጠብ አይልም። ምን ጉድ ነው?

ዘይት በዘይት፦

ሰላም ለቤቱ። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። የሚክሰር ጊርቦክስ ነው። ከሞተሩ የሚገባው ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 1450 ዙር። ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይት እንዳይፈስ ሻፍቱ ዙሪያ የሚገጠመው የጎማ ቀለበት፣ 40×62×10 ነው (የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት፣ በሚሊ ሜትር)፣ ተራ ጥቁር ጎማ።

በወር ተኩል ውስጥ ሦስት ሲል በላብኝ። የመጀመሪያው አርጅቶ ነበር፣ እሺ። ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላው ማንጠባጠብ ጀመረ። ስፈታው ሻፍቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አገኘሁ። ልክ የሲሉ ከንፈር፣ ሻፍቱን የሚነካው የጎማ ጠርዝ፣ የሚያርፍበት ቦታ ላይ! ጎማ ብረት ይበላል እንዴ? ለማንኛውም ማሽኑን አስነስቼ በአሸዋ ወረቀት ወዲያ ወዲህ እያልኩ ፈገፈግኩት። መስታወት አስመሰልኩት። ከዚያ ሦስተኛውን ገጠምኩ። ባሰበት።

ያልገባኝ ደግሞ ይሄ ነው። ሚክሰሩ ሲያደባልቅ ወደ ፊት፣ ሲያራግፍ ወደ ኋላ ይዞራል። ሲያደባልቅ ያፈሳል። ሲያራግፍ ደረቅ ነው። ቆሞ ሲያድርም ከሥሩ ያነጠፍኩት ካርቶን ንጹሕ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ከንፈሩን ዙሪያውን የሚያጠብቀውን የሞላ ቀለበት ቆርጠህ አሳጥረው፣ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል» ብሎኛል። ላድርገው?

ቁልፍ 13፦

አድርገው። እኔም አድርጌ አውቃለሁ፣ ይሠራል። ዙሪያውን ደግሞ ሲሊኮን ቀባው።

ጋሼ ዘንግ፦

ኧረ በናታችሁ! ያቺን ሞላ ተዉአት።

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱ ራሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። ግን መጀመሪያ ሲሉ ምን እንደሚሠራ እንተዋወቅ። አብዛኛው ሰው ሲል ሻፍቱን አንቆ ዘይት የሚከለክል ይመስለዋል፣ እንደ ጠርሙስ ቡሽ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። ስንት ሲል አንቄ እንደገደልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከንፈሩ ሻፍቱን የሚነካው ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው። አዲስ ሲሆን ስፋቱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሻፍቱ ሲዞር ደግሞ እሷም ላይ ጎማው ብረቱን በቀጥታ አይነካውም። በመሃል የዘይት ሽፋን ይገባል። ውፍረቱ በማይክሮን (በሚሊ ሜትር ሺሕኛ) የሚለካ ነው። ጃገር የሚባል ተመራማሪ ይህንን በ1957 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ያ ሽፋን ባይኖር ያንተ ሻፍት በሰከንድ 3 ሜትር ያህል እየሮጠ ከንፈሩን ያሻው ነበር። ጎማው ይነድዳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሞላውን አሳጥረህ ስታጠብቀው የምታደርገው ይህንኑ ነው። ሽፋኑን ትጨምቀዋለህ፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቦዩም ቶሎ ይቆፈራል። ለጥቂት ቀን ይደርቅልህና «ሠራ» ትላለህ። ቁልፍ 13 ያየው እሱን ነው።

ታዲያ ከንፈሩ ሥር ዘይት ካለ ለምን አይወጣም? ምክንያቱም ሲል ፓምፕ ነው። እውነቴን ነው። የፈታኸውን አሮጌ ሲል ለሁለት ቁረጥና ከንፈሩን በጎን እየው። በዘይቱ በኩል ያለው ቁልቁለት ቀጥ ያለ ነው። በአየሩ በኩል ያለው ግን ዘንበል ያለ። ሞላዋም ከከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ወደ አየሩ በኩል ፈቀቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሆን ተብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ከንፈሩ ሻፍቱን እኩል አይጫነውም፤ ጭነቱ ወደ ዘይቱ ጠርዝ ይበረታል። የጎማው ፊት ላይ በዓይን የማይታዩ ሸካራ ነገሮች አሉ። ሻፍቱ ሲዞር ጎትቶ ያስተኛቸዋል፣ ነፋስ ሣር እንደሚያስተኛ። ጭነቱ እኩል ስላልሆነ ሁሉም እኩል አይተኙም። የተጣመሙት እንደ ትንንሽ ማንኪያ ሆነው ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ሻፍቱ በየትኛውም በኩል ቢዞር ያው ነው። ሲልን ገልብጠህ ብትገጥመው ግን ፓምፑም ይገለበጣል፤ ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋልሃል።

ልብ በል፣ «በየትኛውም በኩል ቢዞር» ነው ያልኩት። ያንተ ግን በአንድ በኩል ብቻ ያፈሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠረጠርኩ። አንደኛ፣ ሲሉ ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ? ከከንፈሩ ጀርባ ሰያፍ መስመሮች ያሉት ሲል አለ፣ እሱ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ የበለጠ የጠረጠርኩት፣ ያ የአሸዋ ወረቀትህ። ሻፍቱ እየዞረ ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ ስትል ምን ሠራህ መሰለህ? ብሎን! በዓይን የማይታይ የብሎን ጥርስ ሻፍቱ ላይ ቀረጽክ። ወደ ፊት ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጭ ይነዳል፣ ወደ ኋላ ሲዞር ወደ ውስጥ ይመልሳል። ሲሉ ምን ያህል ቢፓምፕ ጥርሱ ያሸንፈዋል።

እኔን አትመን፣ ክር ጠይቅ። ሲሉን አውጣ። ሻፍቱን ጥረግና ስስ ዘይት ቀባው። ቀጭን ክር ሻፍቱ ላይ አንጠልጥልና ጫፉ ላይ 30 ግራም የምታህል ነገር እሰር። ሻፍቱ ውኃ ልኩን የጠበቀ ይሁን። በደቂቃ 20 ዙር ያህል ቀስ ብለህ አዙረው። ክሩ ባለበት ከቆመ እኔ ተሳስቻለሁ። ወደ አንድ ጎን ከተጓዘ፣ አቅጣጫ ስትቀይር ደግሞ ከተመለሰ፣ ጥርስ አለ። በሁለቱም ዙር ወደ አንድ ጎን ብቻ ከሄደ ግን ወይ ሻፍቱ አዘንብሏል ወይ ወደ አንድ ጎን ይቀጥናል።

ጎማ ብረት ይበላል ወይ ላልከው፣ ብቻውን አይበላም። አቧራና የብረት ብናኝ ከንፈሩ ላይ ይሰካሉ። ከዚያ ጎማው መያዣ ነው፣ የሚሞርደው ቆሻሻው ነው።

ቁልፍ 13፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ሲሊኮኑስ?

ጋሼ ዘንግ፦

ሲሊኮን የሚጠቅመው ዘይቱ በሲሉ የውጭ ዙሪያ፣ ሲሉ በሚገባበት ቀዳዳ (በመቀመጫው) በኩል ሲያዥ ነው። በከንፈሩ ለሚወጣ ዘይት ምን ያደርጋል? ተርፎ ከንፈሩ ላይ ከተቀባማ ሌላ ጣጣ ነው።

ሰማያዊ ቱታ፦

አንድ ነገር ልጨምር። የጊርቦክሱን መተንፈሻ (የአየር መውጫ ቀዳዳውን) እየው። ሲደፈን ውስጡ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣል። ተራ ሲል ከግማሽ ባር በላይ ግፊት አይወድም፤ ፍጥነት ሲኖር ከዚያም ያንሳል። ሙቀቱንም ለካ። ጥቁሩ ጎማ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ነው። ከንፈሩ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከዘይቱ ይበልጣል።

ዘይት በዘይት፦

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ቀስት የለውም። መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኖ ነበር፣ ጠርጌዋለሁ። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ነው። ክሩን ግን ቢያዩልኝ! ሻፍቱን በሚያደባልቅበት በኩል በእጄ ሳዞረው ክሩ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ተራመደ። ወደ ኋላ ሳዞረው ተመልሶ ገባ። የሥራ ባልደረቦቼን ጠርቼ አሳየኋቸው። አሁን ምን ላድርግ? የፈገፈግኩት ቦታ ውፍረቱ 39.78 ሚሊ ሜትር ሆኗል።

ጋሼ ዘንግ፦

በዝቷል። ለ40 ሻፍት እስከ 39.84 ድረስ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በታች ከንፈሩ በደንብ አይጫንም። መስታወት ማድረግህም አልጠቀመህም። በጣም ከለሰለሰ ዘይቱ የሚይዘው ቦታ ያጣል። ከ0.2 እስከ 0.8 ማይክሮን የሚሆን ሸካራነት ያስፈልገዋል።

መቀመጫው ጥልቀት ኖሮት ሲሉን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ብትገፋው ያልተነካ ብረት ታገኝ ነበር። ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። አንተ ግን በወረቀቱ ሰፊ ቦታ ነው የጨረስከው። ስለዚህ የሻፍት ማደሻ ቀለበት ግዛ። ሻፍቱ ላይ የሚጠለቅ ስስ የማይዝግ ብረት ነው፣ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ይሳሳል፣ ሲሉን በዚያው ቁጥር ትገጥማለህ። ግን 39.78 ላይ ሊላላ ስለሚችል የቀለበቱን ልክ መጀመሪያ አረጋግጥ። ካልሆነ ሻፍቱን በብየዳ አስሞልተህ ግራይንደር (በሚዞር ድንጋይ የሚሞርድ ማሽን) ላይ አስጨርስ። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ወደ ጎን አይሂድ በልልኝ። ወደ ጎን ከሄደ ጥርሱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስትገጥም ከንፈሩን ዘይት ቀባው። ደረቁን እንዳታስነሳው። የሻፍቱ ቁልፍ ቦይ ስለት ስለሆነ በቴፕ ሸፍነህ አሳልፈው። ዙሪያውን እኩል ግፋው፣ በመዶሻ አንድ ጎኑን ብቻ እየመታህ እንዳታጣምመው።

ዘይት በዘይት፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት። ቀለበቱ ላላ፣ ስለዚህ ሻፍቱ ተሞልቶ ግራይንድ ተደረገ። ከመግጠሜ በፊት ክር አንጠለጠልኩበት። ንቅንቅ አላለም። በሁለቱም ዙር ደረቅ ነው። ካርቶኑን አሁንም ከሥሩ አላነሳሁትም፣ አላመንኩም መሰለኝ።

ቁልፍ 13፦

እንኳን ደስ አለህ። እኔ ደግሞ ሞላ ያሳጠርኩባቸውን ማሽኖች እየቆጠርኩ ነው። አራት ደርሰዋል።