ክርክር፦ የአዲስ አበባ 23 ወንበሮች በአብላጫ ድምፅ ይቀጥሉ ወይስ በድምፅ መጠን ይከፋፈሉ?

የጉለሌው (ጥያቄውን ያነሳ)

አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት። ከ1997 እስከ 2013 የተደረጉትን አራት ምርጫዎች እንይ። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ። በ2002 ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ፤ አንዷ ለመድረክ ሆነች። በ2007 ኢሕአዴግ 23ቱንም ጠቀለለ። በ2013 ብልጽግና 22ቱን አገኘ፤ አንዱን በግል የተወዳደሩት ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ወሰዱ።

ታዲያ ይህ ከተማ በየአምስት ዓመቱ በአንድ ድምፅ ነው የሚያስበው? አይደለም። በ1997 ንብን፣ የኢሕአዴግን ምልክት፣ የመረጠ ሰው በየሰፈሩ ነበር። በ2007 ኢሕአዴግን ያልመረጠ ሰውም በየሰፈሩ ነበር። በ2013 ለኢዜማና ለባልደራስ ድምፅ የሰጠ ጎረቤት አለኝ። ኢዜማ በአገር ደረጃ አራት ወንበር ሲያገኝ ከአዲስ አበባ ግን ባዶ እጁን ነው የወጣው።

ምክንያቱ አብላጫ ድምፅ የሚባለው ሥርዓት ነው። በአንድ ምርጫ ክልል በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል። የተሸናፊው ድምፅ ሺህም ይሁን መቶ ሺህ የትም አይደርስም። እኔ የምለው ተመጣጣኝ ውክልና ይግባ ነው። ከተማው እንደ አንድ ክልል ይቆጠር። ከመራጩ 30 በመቶውን ያገኘ ፓርቲ 7 ገደማ ወንበር ይያዝ።

የመርካቶ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔ አልስማማም። የ2002ቷን አንድ ወንበር ዝም ብለህ አለፍካት። አቶ ግርማ ሰይፉ ከ547 አባላት መካከል ብቸኛው የተቃዋሚ ተወካይ ሆነው አምስት ዓመት ተቀመጡ። እንዴት ገቡ? የምርጫ ክልል ስለነበረ ነው። አንድ ሰፈር “ይህን ሰው እንፈልጋለን” አለ፣ ላከው። አንተ የምትለው ሥርዓት ቢኖር ሰፈር የሚባል ነገር አይኖርም። ፓርቲው ስም ይደረድራል፣ እኛ የፓርቲው ዓርማ ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ አለቀ። የግል ተወዳዳሪስ የት ይገባል?

መምህርት ከሳሪስ

የመርካቶ ልጅ፣ አንተ እንደ ድል የቆጠርከው ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ነው። በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ መድረክን የመረጠው ሕዝብ በአንድ ምርጫ ክልል ብቻ ተሰብስቦ አልነበረም። በጣም ብዙ ነበር። በድምፅ መጠን ቢከፋፈል ብዙ ሰዎች በገቡ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን በጀቱን፣ አዋጁን፣ የሚኒስትሮችን ሪፖርት በምን አቅሙ ይከታተላል? የዚያን ጊዜ ምክር ቤት የሚጎድለው ክርክር ነበር። ከተማው ግን ተከራካሪዎቹን መርጦ ነበር፤ ቆጠራው ነው ያስቀራቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2013 ሰልፉ ረዝሞ ምርጫው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተራዘመ። እኔ ከቀትር ጀምሬ ተሰልፌ ነበር። በማግስቱ ውጤቱ በምርጫ ጣቢያችን በር ላይ ተለጠፈ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ነው። አንዱ ፓርቲ ስንት፣ ሌላው ስንት፣ የተበላሸ ስንት ይላል። ሰው ቆሞ ያነባል፣ አንዳንዱ በስልኩ ያነሳል። ሁለተኛ የወጣው ፓርቲ ቁጥር የሚናቅ አልነበረም። ያ ቁጥር ከበሩ ላይ ከተነሳ በኋላ ምን ላይ ዋለ? ምንም ላይ። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጋሼ ከአራት ኪሎ

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም እያነበብኳችሁ ነው። እኔ የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁት በ1965 ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። ያኔ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚወዳደረው ሰው ነው፤ ያውም ንብረት ያለው ሰው። ሆኖም ይህ ከተማ በመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ወደ ፓርላማ ልኳል። ለአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ናቸው። ሰውየውን አይቶ መምረጥ ዋጋ አለው የምትለው የመርካቶው ልጅ እውነት አለህ።

ግን 1997ን ያየ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ሞላው። የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣቱን፣ ያላወጣ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ቀን ያየሁት የከተማችንን ሰው ነው። ግንቦት 7 ተመርጦ ሲቆጠር ግን አንደኛው ወገን በፓርላማው 23 ከ23፣ በከተማው ምክር ቤት 137 ከ138 ሆነ። ሌላው እንደሌለ ተቆጠረ። አንዱ ሁሉን የሚያገኝበት፣ ሌላው ሁሉን የሚያጣበት ምርጫ ሰውን ያስጨክናል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ወኅኒ ወረዱ። ከተማው በባለአደራ ተዳደረ። የሞቱትን ልጆች ዛሬም አልረሳናቸውም።

በ2000 የከተማው ምርጫ ተደገመ። ኢሕአዴግ ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። ቁጥሩን ልብ በሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያው 137 ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ዞረ። ተቃዋሚው ተሰባብሮና ሰው ተስፋ ቆርጦ እንደነበር አውቃለሁ። የዚያ ሁሉ ጥፋት ምክንያት አቆጣጠሩ ብቻ ነው አልልም። ግን በ1997 ሁለቱም ወገን በአንድ አዳራሽ የሚቀመጥ ሰው ቢኖረው ኖሮ የሚነጋገሩበት ቦታ ይኖር ነበር እላለሁ።

የጀሞ ነዋሪ

ጋሼ እድሜ ይስጥልን።

የመርካቶ ልጅ ስለ ሰፈር ተወካይ ያለው ለእኛ አይሠራም። እኔ ያደግሁት ልደታ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ጀሞ ገባሁ። ከድሮው ወረዳ መሸኛ እስካወጣ፣ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ እስኪሰጠኝ ስንት ተመላለስኩ። ለመመዝገብ ደግሞ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ግዴታ ነው። ብዙ ጎረቤቶቼ በድሮ መታወቂያቸው ድሮ ሰፈራቸው ሄደው መረጡ። የሚኖሩት እዚህ፣ ተወካያቸው እዚያ።

የምርጫ ክልሎቹ ዛሬም የሚጠሩት በድሮዎቹ 28 ወረዳዎች ቁጥር ነው። ክፍለ ከተማ ከመጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ደርሰዋል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ስንት ሰው ተነስቶ ዳር ሄደ። ሕዝቡ እንዲህ እየተንቀሳቀሰ “የእኔ ምርጫ ክልል ተወካይ” የሚለው ነገር ስሙ ብቻ ነው የቀረው። የተወካዩን ስም የሚነግረኝ ጎረቤት አላገኘሁም።

የመርካቶ ልጅ

የጀሞው፣ ይኼ የካርታ ችግር ነው። ካርታው ይስተካከል በል፣ አብሬህ እጮሃለሁ። ካርታ ስለተበላሸ ምርጫ ክልል ይጥፋ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሳት ይችላል ይላል። በፓርቲ ዝርዝር የገባን ሰው ማን ያነሳዋል? የየትኛው ሰፈር ሕዝብ?

መምህርት ከሳሪስ

እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ የተነሳ የአዲስ አበባ ተወካይ ታውቃለህ? እኔ አላስታውስም።

የሕግ ባለሙያዋ

ስሜታችሁ ይገባኛል፤ ግን ሕጉን እንየው። የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ውስጥ የተጻፈ ነው። እሱን ለመለወጥ አንቀጽ 105 የሁለቱን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልሎችን ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይጠይቃል። በ2010 ኢሕአዴግና ተደራዳሪ ፓርቲዎች ቅይጥ ትይዩ በሚባል ሥርዓት ተስማምተው ነበር፤ ማለትም የተወሰነው ወንበር በአብላጫ፣ የተወሰነው በተመጣጣኝ። ሕገ መንግሥቱ ሳይነካ ያ ስምምነት ወረቀት ላይ ቀረ።

የከተማው ምክር ቤት ግን ሌላ ነው። አንቀጽ 54 ስለ ተወካዮች ምክር ቤት ነው የሚናገረው። የከተማው ምክር ቤት የሚቋቋመው በቻርተር ነው፤ ቻርተር ደግሞ አዋጅ ነው። አዋጅ በተራ ድምፅ ይሻሻላል። 138ቱ ወንበር ለ23 ምርጫ ክልል ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስድስት ነው። እነዚያን ስድስት ወንበሮች በየምርጫ ክልሉ በድምፅ መጠን ማከፋፈል ይቻላል። ሰፈሩም አይጠፋም፣ ሁለተኛ የወጣውም ባዶ እጁን አይወጣም። ዝርዝሩንም ፓርቲ ብቻውን እንዳይደረድረው መራጩ ከዝርዝሩ ውስጥ ስም እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። ይኼ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው።

የመርካቶ ልጅ ስለ ፓርላማ ውክልና መጨነቅህ ልክ ነው። አዲስ አበባ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር የላትም። በፌዴራል ደረጃ ያላት ድምፅ እነዚያ 23 ሰዎች ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው የሁሉም ዓይነት ነዋሪ ሰው እዚያ እንዲኖረው የምፈልገው። መንገዱ ግን ከከተማው ምክር ቤት ቢጀምር ይቀላል።

የመርካቶ ልጅ

ስድስቱን በምርጫ ክልል ውስጥ ማከፋፈል የሚለውን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ይህን ያህል አልከራከርም ነበር። ለከተማው ምክር ቤት እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን ይግባልኝ። የግል ተወዳዳሪ ብቻውን እንደ አንድ ዝርዝር ይቆጠር። ከዚያ በፊት ደግሞ ካርታው የጀሞው እንዳለው ሰው በሚኖርበት ይሠራ። ለፓርላማው አሁንም አልተስማማሁም።

የጉለሌው

ለፓርላማው እኔም አቋሜን አልቀየርኩም። የከተማውን ምክር ቤት ቀድመን እንያዘው የሚለው ግን ያስማማናል። እህታችን የሕግ ባለሙያዋ፣ የቻርተሩን ማሻሻያ ሐሳብ በሁለት ገጽ ብታወጪልን እያንዳንዳችን ለየምርጫ ክልላችን ተወካይ በደብዳቤ እናስገባለን። የጀሞው፣ አንተ ደብዳቤህን የምታስገባው ለልደታ ነው ለጀሞ?