ሀብታሙ ላይ ግብር ቢጨመር ሥራ ይጠፋል?

ጠያቂው፦ ማታ ሳንቋጨው የተለያየነው ነገር ይኸው። ከፍተኛ ገቢ ያለው ሰው ላይ ግብር ቢጨመር የሚጎዳው እሱ ነው ወይስ ሥራ ፈላጊው?

ነጋዴው፦ ሥራ ፈላጊው ነዋ! ደሃ ደሃን አይቀጥርም። ፈረንሳይን እዩ። እ.ኤ.አ. ለ2013 እና ለ2014 ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ በሆነ ደሞዝ ላይ 75 በመቶ ጣለች። ጫጫታው አገር አናወጠ፤ የገባው ገንዘብ ግን ኢምንት ነበር። ከዚያ ተወችው። ተዋናዩ ዤራር ዴፓርዲዩም ቤልጂየም ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የሩሲያ ዜግነት ተሰጠው።

ደሞዝተኛዋ፦ አንድ ተዋናይ ጓዙን ጠቀለለ ብለን እናልቅስ? ካንሳስንስ ለምን ዘለልካት? ይቺ የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 የገቢ ግብር ቀነሰች። የብዙ ባለ ድርጅቶችን ትርፍ ደግሞ ጭራሽ ከግዛቷ ግብር ነፃ አደረገች። ሥራ ይጎርፋል ተባለ። የመጣው የበጀት ጉድለት ነው። በ2017 የገዥው የራሱ ፓርቲ አብላጫ የያዘበት ምክር ቤት የገዥውን ቬቶ፣ ማለትም እገዳውን፣ ሽሮ ግብሩን መለሰው። «ለሀብታሙ ይቀነስለት፣ ሥራው ይመጣል» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ረጋ በሉ። የፈረንሳይን የመጀመሪያ የ75 በመቶ ሕግ የአገሩ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ውድቅ አድርጎታል። በኋላ ግብሩን የከፈለው ባለ ደሞዙ ሳይሆን ቀጣሪው ድርጅት ነው። ስለዚህ ለዚህ ሙግት ደካማ ምስክር ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ድርጅትህ 100 ሺህ አስገባ። 70 ሺው ለደሞዝና ለኪራይ ወጣ። ግብር የሚታሰበው በቀረው 30 ሺህ ላይ ነው። አንድ ሰው በ10 ሺህ ብትጨምር ደሞዙ ከግብር በፊት ይነሣል። ሰውየው ከደሞዙ በላይ የሚያስገባልህ ከሆነ ግብሩ 20 በመቶም ሆነ 40 ትቀጥረዋለህ። ካላስገባ፣ ግብሩ ዜሮ ቢሆንም አትቀጥረውም።

ነጋዴው፦ ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ግን ቅርንጫፍ ልክፈት አልክፈት ብዬ ሳመነታ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከከሰርኩ የራሴ፣ ካተረፍኩ የጋራ!

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ብዙ አገር እኮ ኪሳራን ወደ ቀጣዩ ዓመት አሸጋግረህ ከትርፍህ ላይ እንድትቀንስ ይፈቅዳል።

ነጋዴው፦ የተዘጋ ድርጅት ወዴት ያሸጋግራል?

ደሞዝተኛዋ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ እውነት አለህ። ግን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1993 ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ31 ወደ 39.6 በመቶ ሰቀለው። በ8 ዓመት ሥልጣኑ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሥራ ተጨመረ።

ነጋዴው፦ ኢንተርኔት የመጣበት ዘመን እኮ ነው! ግብሩ ባይጨመር ስንት ይሆን ነበር?

ደሞዝተኛዋ፦ እሱን ማን ያውቃል? ገደል ግን አልገቡም።

ጠያቂው፦ ነጋዴው፣ ለመሆኑ ቅርንጫፉን ከፈትከው?

ነጋዴው፦ ከፈትኩት እንጂ። ደንበኛ ተሰልፎ ምን ላድርግ? ሁለተኛውን ግን እስካሁን እያሰብኩበት ነው።