እማዬ ኮክሌር ኢምፕላንት ታስገባ ወይስ ይቅርባት?

የእማዬ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 69 ዓመቷ ነው፣ አብረን ነው የምንኖረው። የሁለቱም ጆሮዋ መስማት ቀስ በቀስ ሄደ። ሂሪንግ ኤይድ (ድምፅ የሚያጎላ የጆሮ መሣሪያ) ለዓመታት አድርጋለች። አሁን ግን ድምፁ ይጨምርላታል እንጂ ንግግሩ አይለይላትም። «ትጮሃላችሁ እንጂ አትናገሩም» ትለናለች። አዲስ አበባ ያሉት እህቶቿ ሲደውሉ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ያሉትን ፊት ለፊቷ ቆሜ እደግምላታለሁ።

ሐኪሟ ኮክሌር ኢምፕላንት (በኦፕራሲዮን ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) ይሻላታል ብሏል። እሷ «በዚህ ዕድሜዬ ጭንቅላቴን አላስበሳም» ብላ ዘጋችው። ምርመራውም ግራ አጋብቶኛል። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እያሰሙ ድገሚ ይሏታል። የእሷ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሱፐርማርኬት አያልፍም። ያስገባ ሰው አለ? እውነት ይሰማል?

የደብረ ብርሃኑ፦
እህቴ፣ እኔ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አለኝ። የእኔ ነገር የጀመረው አገር ቤት ነው። ለቲቢ ስትሬፕቶማይሲን ስወጋ ጆሮዬ ተነካ፣ ከዕድሜ ጋር እየባሰ ሄደ።

በመጀመሪያ ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው፦ አንጎል አይነካም። የሚቦረቦረው ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ጥቂት ቀን ራስ ሊያዞራቸው ይችላል። እኔ ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይለኝ ነበር፣ በኋላ ተወኝ።

ሂሪንግ ኤይድ ድምፅ ያጎላል። የውስጥ ጆሮ ሴሎች ከሞቱ ግን ቢጎላ ማን ይቀበለዋል? ኢምፕላንቱ እነሱን ዘሎ ነርቩን ራሱን በኤሌክትሪክ ይነካዋል። ጤናማ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ እንዲህ ያሉ ሴሎች አሉት። ኢምፕላንቱ ያለው እንደ ኩባንያው ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮድ (ነርቩን በኤሌክትሪክ የሚነካ ነጥብ) ነው። ስለዚህ የድሮውን ጆሮ መልሶ ይሰጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

መሣሪያው የሚከፈተው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ከሳምንታት ቆይታ ነው። ያን ቀን ቪዲዮ እንቅረፅ፣ እናልቅስ ብላችሁ አትዘጋጁ። ባለቤቴ ስታናግረኝ የሰማሁት ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ነው። ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ንግግር የሆነው እየቆየ ነው። አንጎል እንደ አዲስ ይማራል፣ የሚማረው ደግሞ መሣሪያውን ቀኑን ሙሉ ላደረገ ሰው ነው። አውልቆ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ምንም አያገኝም።

ልምምዱን በአማርኛ አድርጉት። ክሊኒኩ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ አፕ ነው፣ ለእኔ አልረባኝም። ልጄ አፏን በወረቀት ሸፍና መዝሙረ ዳዊት ታነብልኛለች፣ እኔ በጣቴ መጽሐፉ ላይ እከተላለሁ። ሲሻለኝ መጽሐፉን ዘጋሁት። በቃሌ የማውቀው ስለሆነ አንጎሌ ክፍተቱን ይሞላዋል። ከዚያ ወደ ዜና፣ ከዚያ ወደ ተራ ወሬ ገባን። «ጠ»ን ከ«ተ» ለመለየት ግን አሁንም እጨነቃለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ከበሮው ጥርት ብሎ ይገባኛል። ዜማው ግን ተደባልቆ ነው የሚመጣው፣ የማውቀው ካልሆነ አልለየውም። ምቱን እንጂ የድምፅ ከፍታውን በደንብ አይሰጥም። ብዙ ሰው የተሰበሰበበት የቡና ጨዋታም እንዲሁ ከባድ ነው። እኔ ግድግዳውን በጀርባዬ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ አንድ በአንድ አውሩኝ እላለሁ። ይስቁብኛል፣ ግድ የለኝም።

ሰላም ለአገሬ፦
ኦፕራሲዮን የመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ጠበል ያስጠምቋቸው። ፈጣሪ ያልፈወሰው የለም።

የደብረ ብርሃኑ፦
ወንድሜ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ከጭንቅላቴ ላይ በማግኔት የሚለጠፈውን የውጪውን ክፍል አወልቃለሁ፣ ውስጥ ያለውን ውኃ አያገኘውም። ሁለቱ አይጣሉም። ነገር ግን ቆይ ቆይ እያሉ ዓመት ማሳለፍ አይጠቅምም። ጆሮ ድምፅ ሳያገኝ በቆየ ቁጥር ኢምፕላንቱ የሚሰጠው ውጤት እየቀነሰ ይሄዳል።

ክሊኒክ የምሠራ፦
ጠያቂዋ፣ ስለ ምርመራው ልክ ነሽ። «ቢፕ» የሚለው የድምፅ ምርመራ ቋንቋ አይፈልግም። የዓረፍተ ነገሩ ግን ይፈልጋል። እናትሽ ስላልሰሙ ነው ወይስ ቃሉን ስለማያውቁት ያልደገሙት? ኦዲዮሎጂስቷ (የመስማት መርማሪዋ) ይህን ፋይሉ ላይ እንድትጽፈው ጠይቂ። አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አንቺ ልጃቸው ሆነሽ አታስተርጉሚ፣ ሳታውቂው ታግዣቸዋለሽ።

ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ካላቸው፣ ከ2022 ጀምሮ መስፈርቱ ላልቷል። በሂሪንግ ኤይድ እየሰሙ የዓረፍተ ነገር ውጤታቸው 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይሸፈናል። ድሮ 40 ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የኒሞኮካል ክትባት ይውሰዱ፣ ኢምፕላንት ያለው ሰው ለማጅራት ገትር የበለጠ ይጋለጣል። በዚያ ጆሮ የቀረቻቸው ትንሽ መስማትም ልትጠፋ ትችላለች፣ ይህን አውቀው ይወስኑ። ወደፊት ኤምአርአይ ሲታዘዝ ደግሞ ኢምፕላንት እንዳላቸው አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ውስጥ ማግኔት አለ።

የናቲ እናት፦
እኛ ጋ ሌላ ነው። ልጄ ሲወለድም አይሰማም ነበር። እዚህ አገር በ2020 ከ9 ወር ጀምሮ እንዲገባ ተፈቅዷል። ምልክት ቋንቋም አስተምረነዋል፣ ባትሪ ሲያልቅ ልጁ ዝም ብሎ አይቀመጥ ብለን። «ምልክት ካስተማርሽው አይናገርም» ያሉኝ ነበሩ። ዛሬ አማርኛ ይናገራል፣ በምልክትም ይጨቃጨቀኛል። የአንቺ እናት ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙ የኖሩ ናቸው፣ አንጎላቸው ቋንቋውን ያውቀዋል። ያ ትልቅ ነገር ነው።

የእማዬ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነበብኩላት ሁሉ አልገባትም፣ ጠበል አይከለክልም ሲባል ግን ጆሮዋን ሰጠች 😄 ሹሩባና ነጠላስ? ደግሞ ከእህቶቿ ጋር በስልክ ታወራለች?

የደብረ ብርሃኑ፦
ነጠላው በማግኔት የተለጠፈውን የውጪውን ክፍል እየጎተተ ይጥለዋል። ባለቤቴ ለነጠላ የሚሆን ትንሽ ማሰሪያ ሰፍታ ለአንዲት ጓደኛዋ ሰጥታታለች፣ በልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ገመድም ይሸጣል። ፀጉራቸው ወፍራም ከሆነ ጠንከር ያለ ማግኔት ይሰጧቸዋል። ሹሩባው እዚያ ቦታ ላይ ሳሳ ይበል።

ስልክ መጨረሻ የሚመጣ ነው። ስልኩን ከፕሮሰሰሩ (ከመሣሪያው የውጪ ክፍል) ጋር በብሉቱዝ አገናኚው። መጀመሪያ በቪዲዮ ይጀምሩ፣ ከንፈር እያዩ። ከእህቶቻቸው ቀስ ብላ የምታወራዋን ምረጪ፣ ምን እንደሚያወሩም አስቀድመው ይስማሙ።