የጌም ስቱዲዮ ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ምንድን ነው? (ስቲም፣ ጎግል ፕሌይ፣ ሰርቨር፣ ሰራተኛ)

ገበታ_ስምንት
ሰላም ለሁላችሁ። ስቱዲዮአችን አዲስ አበባ ያለ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው፤ አምስት ቋሚ ሰራተኞች አሉት፤ ሊዘጋ ተወስኗል። ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫው) ላይ አንድ ጌም፣ ጎግል ፕሌይ ላይ ሁለት አሉ፤ ሁሉም በዩኒቲ (ጌም መስሪያ ሶፍትዌር) የተሰሩ። ከሞባይሎቹ አንዱ ሎግኢኑም የደረጃ ሰንጠረዡም በራሳችን ሰርቨር ላይ ነው። ንግድ ፈቃዱን አሁኑኑ መልሰን ቀሪውን ቀስ እያልን ብንጨርስ ያስኬዳል? የገዙ ሰዎችም ጌሙን እንዳያጡ እንፈልጋለን።

መዝገብ_ያዥ
አያስኬድም። የፈረሰ ማህበር ውል መፈረም አይችልም፤ የስቲምም የጎግልም ዝውውር ደግሞ አስረካቢው ድርጅት በህይወት እያለ የሚፈጽመው ነው። መጀመሪያ ጌሞቹን አስተላልፉ፣ የመጨረሻውን አፕዴት ልቀቁ፣ ሰራተኛውን ክፈሉ፤ ግብርና ፈቃድ መጨረሻ። የባንክ ሂሳቡም እንዳይቀድም፦ ስቲም የአንድ ወር ሽያጭን የሚከፍለው በቀጣዩ ወር መጨረሻ ነው፤ ድምሩ ከ100 ዶላር በታች ከሆነም ይዞ ያቆየዋል። ሂሳቡን ቀድሞ የዘጋ ያን ገንዘብ ለማስለቀቅ ሲጻጻፍ ይከርማል።

ሰራተኛውን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የስራ ስንብት ክፍያ ግዴታ ነው። ስሌቱ የመጨረሻውን ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ይዞ ይነሳል፦ ለመጀመሪያው ዓመት በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል (ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው)። ብዙ አሰሪ የሚዘነጋው በመዘጋት ምክንያት የሚመጣውን ጭማሪ ነው፤ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይደመራል። የቀን ደመወዙ 1,000 ብር የሆነና ሦስት ዓመት የሰራ ሰው 30,000 ሲደመር 20,000 ሲደመር 60,000፣ በጠቅላላው 110,000 ብር ይገባዋል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የስራ ቀናት ውስጥ ነው። ካዝናው ይህን የማይችል ከሆነ የመዝጊያውን ቀን አቅርቡት፤ ሁለት ወር ተጨማሪ ደመወዝ እየከፈሉ ተአምር መጠበቅ የስንብቱን ገንዘብ መብላት ነው።

ፈቃዱን ሳይመልሱ ዝም ብሎ ቢሮ ቆልፎ መሄድ ደግሞ የባሰ ነው። ሽያጭ ባይኖርም ግብር ማሳወቅ ስለሚጠበቅባችሁ ቅጣቱ ይከመራል፤ የግብር ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ስትጠይቁ ያገኛችኋል።

ፒክስል_አራዳ
ስለ ስቶሮቹ። ተቀባይ ከሌላችሁ ከመስራቾቹ አንዱ በግል ስሙ ይረከብ፤ ስቲም ግለሰብንም ይቀበላል። ተቀባዩ መጀመሪያ የራሱን የስቲምዎርክስ (የስቲም የጌም ሰሪዎች አካውንት) ምዝገባ፣ የባንክና የታክስ ቅጽ መጨረስ አለበት፤ የባንክ ሂሳቡ ስም ከተመዘገበበት ህጋዊ ስም ጋር አንድ ይሁን። ከዚያ የዝውውር ጥያቄው ከእናንተ ወገን ይነሳል፣ እሱ ይቀበላል። ሪቪዩው፣ ዊሽሊስቱ (ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ዝርዝር) እና የገዢዎቹ ባለቤትነት ከጌሙ ጋር ይሄዳሉ። ተቀባዩ ኢትዮጵያ ነዋሪ ከሆነ፣ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለን አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ድርሻ 30 በመቶ እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ይወቅ።

ጎግል ፕሌይ ላይ ለዝውውሩ የሁለቱም አካውንቶች የ25 ዶላር ምዝገባ የክፍያ ቁጥር ይጠየቃል። ያ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ የለቀቀ ሰራተኛ ጂሜይል ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ሰው ከመሰናበቱ በፊት የማን ኢሜይልና የማን ስልክ የትኛውን አካውንት እንደሚከፍት ጻፉ። ስቲም ሲገባ የሚጠየቀው የስቲም ጋርድ ኮድም በአንድ ልጅ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩት። የፊርማ ቁልፉን (አፕዴቱ ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን ፋይል) ከነፓስወርዱ አስረክቡ፦ ጌሙ በፕሌይ አፕ ሳይኒንግ (ዋናውን ቁልፍ ጎግል በሚይዝበት መንገድ) ከሆነ የጠፋ የአፕሎድ ቁልፍ ይተካል፤ በድሮው መንገድ ከሆነ ግን ቁልፉ ከጠፋ አፕዴት ማድረግ አከተመ። ጎግል የታርጌት ኤፒአይ (አፑ የተዘጋጀለት የአንድሮይድ ደረጃ) መስፈርቱን በየዓመቱ ስለሚያሳድግ ያልታደሰ አፕ አዲስ አንድሮይድ ለያዘ አዲስ ተጠቃሚ አይታይም፤ የመጨረሻውን ቢልድ (ተጠናቅሮ የሚለቀቀውን የጌሙን ቅጂ) በወቅቱ ከፍተኛ የኤፒአይ ቁጥር አውጡት።

ሰርቨር_ጠባቂ
ዋናው አደጋ ሎግኢኑ ነው። ጌሙ ሲከፈት ሰርቨሩን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሰርቨሩ የጠፋ ቀን የገዛው ሰው ሎጎው ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ኦፍላይን የሚያስገባ አፕዴት ሰርቨሩ ከመዘጋቱ በፊት ይውጣ፤ ዋይፋይ አጥፍቶ መሞከር ግን በቂ አይደለም። ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ወዲያው ስህተት ይመልሳል፤ ኢንተርኔት ኖሮ ሰርቨሩ ዝም ሲል ግን ጌሙ ታይምአውት (መልስ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብ) እስኪደርስ ይንጠለጠላል። ሦስቱንም ሞክሩ፦ ኔትወርክ የሌለበት፣ ሰርቨሩ የማይመልስበት፣ ሰርተፍኬቱ (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ፋይል) ጊዜው ያለፈበት። ነጻ ሰርተፍኬት የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ዕድሜው ከ90 ቀን አይበልጥም፤ ማንም ካላደሰው ሰርቨሩ እየሰራም ጌሙ ሊከለከል ይችላል። ታይምአውቱን አምስት ሰከንድ አድርጉትና ወደ ኦፍላይን ይለፍ። የተጫዋቹ ግስጋሴ ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ ከሆነም ያው አፕዴት ወደ ስልኩ ያውርድለት፤ ይህ ሳይሰራ ሰርቨር መዝጋት የሰውን ሴቭ መደምሰስ ነው።

በጌሙ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ካለ ሽያጩን መዘጋቱን ለተጫዋቾች ካስታወቃችሁበት ቀን ጀምሮ አቁሙ። ዶሜይኑን ለተወሰኑ ዓመታት ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ካለቀ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፣ የድሮው ቢልድ ግን አሁንም ሎግኢን እዚያው ይልካል።

የተጫዋች ለተጫዋች ውድድር ካለ የሰርቨሩን ፕሮግራም ራሱን መልቀቅም ይቻላል። ቬላን ስቱዲዮስ ኖክአውት ሲቲ የተባለ ጌሙን ሰርቨር በጁን 2023 ሲዘጋ ተጫዋቹ ራሱ የሚያስተናግድበትን የፒሲ ቅጂ በነጻ ለቋል። የሙኒኩ ስቱዲዮ ሚሚሚ ጌምስም በኦገስት 2023 እንደሚዘጋ ካሳወቀ በኋላ የመጨረሻ ጌሙን ተጨማሪ ክፍሎች በዲሴምበር አውጥቶ ነው የተሰናበተው። መዝጊያ በጀት ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይሆናል።

ገበታ_ስምንት
አመሰግናለሁ። ኮዱን ክፍት አድርገን ብንተወውስ? ሰዓሊዎቹ በፍሪላንስ ነበሩ።

መዝገብ_ያዥ
ሥዕሉን ካላካተታችሁ ይቀላል። የተጻፈ ውል የሌለው ፍሪላንሰር ካለ ድርጅቱ ሳይፈርስ በአንድ ገጽ መብቱን ያስተላልፍ፤ ተቀባዩም የመጀመሪያ ጥያቄው ይኼ ነው።

ፒክስል_አራዳ
ከዩኒቲ አሴት ስቶር (የጌም ግብዓት መሸጫ) የገዛችሁትን ሞዴል፣ ድምፅና ፕለጊን ክፍት ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ላይ ማውጣት ፈቃዱ አይፈቅድም። ፋይሉን ዛሬ ብታጠፉት እንኳ በጊት (የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ታሪክ ውስጥ ስላለ፣ እንደ ፓስወርዶቹና የኤፒአይ ቁልፎቹ ሁሉ፣ ታሪኩን ትታችሁ ከባዶ አዲስ ሪፖ ክፈቱ። ለራሳችሁ የምታስቀምጡት ግን ሙሉው ይሁን፦ ሪፖው ከነታሪኩ፣ የኤልኤፍኤስ ፋይሎቹ (ጊት ለብቻ የሚያስቀምጣቸው ትልልቅ ፋይሎች) በሙሉ (ክሎን የሚባለው ተራ ቅጂ የድሮዎቹን አያመጣም)፣ የዩኒቲው ትክክለኛ ቨርዥን ኢንስቶለር፣ የፓኬጆቹ ሎክ ፋይል (የእያንዳንዱን ፓኬጅ ቨርዥን የሚመዘግበው)፣ ለስቲም የተላከው የመጨረሻ ቢልድ። ላይብረሪ የሚባለውን የዩኒቲ ፎልደር ተዉት፤ ዩኒቲ መልሶ ይሰራዋል። ከዚያ ፕሮጀክቱ ተከፍቶበት በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ፣ ይህን ሁሉ ካስቀመጣችሁበት ሃርድ ዲስክ ብቻ ቢልድ አድርጉት። ሲበላሽ የጎደለውን የሚያውቀው ፕሮግራመር ገና ደመወዝ ላይ እያለ ይሁን።