ሦስት ትንንሽ ሱቆች ተባብረን የብስክሌት ፍሬም ማሠራት እንፈልጋለን፤ ወጪውን እንዴት እንካፈል?

ጥያቄ፦ ዳገት ወዳጅ (ዴንቨር)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ እያንዳንዳችን ትንሽ የብስክሌት ሱቅ አለን። ለጠጠር መንገድ የሚሆን የካርቦን ብስክሌት በየራሳችን ስም ማውጣት እንፈልጋለን፣ ለየብቻ ግን አቅሙ የለንም። ባለፈው ሳምንት ለጥገና የመጡ ሁለት ብስክሌቶች ጎን ለጎን ሰቅዬ ሳያቸው ደነገጥኩ። ስማቸው ሌላ፣ ቀለማቸው ሌላ፣ ዋጋቸውም በጣም የተራራቀ። ግን የፍሬን ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የኮርቻው ማጥበቂያ፣ ከፔዳሉ ሥር ያለችው ትንሽ ጉብታ ሳትቀር አንድ ናት። በካሊፐር ለካሁት፣ ልዩነት የለውም። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? እኛስ ሦስታችን እንዲህ ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ታይቹንግ ደርሶ መልስ

ወንድሜ፣ ያየኸው ኦፕን ሞልድ የሚባለውን ነው። ፋብሪካው ፍሬሙን በራሱ ገንዘብ ዲዛይን ያደርግና ሞልዱን፣ ማለትም ፍሬሙ የሚቀረጽበትን ቅርጽ፣ ያሠራል፣ ከዚያ ለፈለገ ብራንድ ሁሉ ይሸጠዋል። ብራንዱ ቀለምና ስም ይጨምራል። የዲዛይኑ ወጪ በገዢዎቹ ሁሉ ላይ ተበታተነ ማለት ነው። በዚህ የሚያፍር ሰው ካለ ልክ አይመስለኝም። ትልቁ ብስክሌት ሠሪ ጃያንት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ታይዋን ውስጥ ሲቋቋም የሚሠራው ለሌሎች ስም ነበር፤ የራሱን ብራንድ ያወጣው በ1981 ነው።

ብሩን የሚበላው ሥዕሉ ሳይሆን ሞልዱ ነው። የካርቦን ሞልድ ከብረት ተፈልፍሎ የሚወጣ ከባድ ነገር ነው፣ ለእያንዳንዱ የፍሬም መጠንም ለብቻው ይሠራል። አምስት መጠን ካላችሁ አምስት ሞልድ። ሁሉም ሲደመር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይሄዳል። ስለዚህ መካፈል ካለባችሁ መጀመሪያ የምትካፈሉት እሱን ነው። መጠኑን ወደ አራት ማውረድም ያዋጣል። የኋላውን ክፍል ደግሞ ለሁሉም መጠን አንድ ዓይነት ካደረጋችሁት ለየመጠኑ የሚለየው የፊቱ ብቻ ይሆናል።

መልስ፦ በያጁ

ካርቦን የግድ ነው እንዴ? በብረት ብትሠሩ ሞልድ የሚባል ጣጣ የለም። ቱቦ ትገዛለህ፣ ትቆርጣለህ፣ ትበይዳለህ፤ አንድ ዲግሪ መለወጥ ብትፈልግ በሚቀጥለው ፍሬም ላይ ትለውጠዋለህ። በርሚንግሃም ያለው ቱቦ ሠሪ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣውን 531 ቱቦ ስንት ትንንሽ ሠሪ ነው ለአሥርተ ዓመታት የኖረበት! ምርምሩን ቱቦ ሠሪው ጨርሶታል፣ በያጁ ውጤቱን ይገዛል። ይሄም እኮ ወጪ መካፈል ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ፍሬሞች በብረት አሠርቼ ደንበኛ እየነዳቸው ጂኦሜትሪውን (የቱቦዎቹን ርዝመትና ማዕዘን) አስተካክዬ ነበር ወደ ካርቦን የምሄደው።

መልስ፦ አሞርዛተር

በጠጠር መንገድ ብስክሌት ላይ ባይመጣባችሁም፣ የኋላ አሞርዛተር (ንዝረት የሚቀበል) ያለው ተራራ ብስክሌት ላይ የሚሠራበትን መንገድ ላንሳ። እዚያ ትንንሾቹ ፈጠራውን በፈቃድ ይከራያሉ። ዴቭ ዊግል የፈጠረውን ዲደብሊው ሊንክ የተባለ የኋላ ማገናኛ አይቢስም ፒቮትም የሚባሉት ብራንዶች ከፍለው ተጠቅመውበታል። ሁለቱም የኋላ ማገናኛውን ከዜሮ መፈልሰፍ አላስፈለጋቸውም፣ ብስክሌቶቹ ግን አንድ አይመስሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ማሪንና ፖሊጎን የሚባሉ ብራንዶች ከድርጅታቸው ውጭ ካለ አንድ ዲዛይነር የመጣ አንድ ዓይነት አሠራር በየራሳቸው ሞዴል አወጡ።

በነፃ የሚገኝም አለ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበትን ቁራጭ ድሮ እያንዳንዱ ብራንድ በራሱ ቅርጽ ነበር የሚያሠራው። ሱቅ ያለው ሰው ያውቃል፤ ደንበኛ የተጣመመ ይዞ ሲመጣ መሳቢያ ሙሉ ብትገለብጥ የእሱ አይገኝም። ስራም የሚባለው የብስክሌት ዕቃ ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ዩዲኤች ብሎ አንድ ወጥ አድርጎ አወጣው፣ ለብራንዶችም ከፈተው። ፍሬማችሁ እሱን ይቀበል። አንድ ዲዛይን ቀነሳችሁ፣ መለዋወጫም በየቦታው አለ።

መልስ፦ የተቃጠልኩበት

ወጪ ስታሰሉ ፈተናውን እንዳትረሱ፣ በጣም እለምናችኋለሁ። አይኤስኦ 4210 በሚባለው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ደህንነት መስፈርት ላይ ፍሬሙ ማሽን ላይ ታስሮ የፔዳል ግፊት 100,000 ጊዜ ይደረግበታል፤ ለተራራ ብስክሌት ግፊቱ 1,200 ኒውተን ነው። አንዴ ቆሜ አይቻለሁ። ፍሬሙ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ከኮርቻው ቱቦ ሥር ፀጉር የምታክል መስመር ቀለሙ ላይ ወጣች፣ በቃ ፈተናውን ወደቀ። ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ኦፕን ሞልድ ብትወስዱም የካርቦን ድርቡን ካስለወጣችሁ የድሮው የፈተና ወረቀት ለእናንተ አይሠራም፣ እንደገና ይፈተን። ይሄንንም ለሦስት ክፈሉት።

ሁለተኛው ውል ነው። እኔ ከሌላ ሱቅ ጋር ተካፍዬ ሞልድ አሠርቼ ነበር። የማን እንደሆነ አልጻፍንም። በሁለተኛው ዓመት ያው ፍሬም በማናውቀው ስም በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አየሁት። ፋብሪካውን ብንጠይቅ «ሞልዱ የእኛ ነው» አለን፣ የምናሳየው ወረቀትም አልነበረንም። ሞልዱ የማን ነው፣ ለሌላ ይሸጣል ወይ፣ ከሦስታችሁ አንዱ ቢወጣ ድርሻው የት ይሄዳል፣ ፍሬም ሲሰበር ዋስትናውን ማን ይከፍላል፤ እነዚህን አራቱን ጻፉ።

ዳገት ወዳጅ (ዴንቨር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሦስታችን ተነጋገርን። በበያጁ ምክር መጀመሪያ በብረት ጥቂት እናሠራለን፣ በሚቀጥለው ዓመት ለካርቦኑ የጋራ ሞልድ፣ አራት መጠን፣ ዩዲኤች ያለው። ውሉን ለጠበቃ ልሰጠው ነው። ሌላ የምጨምረው አለ?

መልስ፦ የተቃጠልኩበት

የሦስታችሁን ስም ሞልዱ ብረት ላይ አስቀርጹ። ከዚያ ፎቶ አንሥታችሁ ከውሉ ጋር አያይዙት።