አራቱም ጎበዝ ተዋጊ ናቸው፣ ግን በአንዲት ሸረሪት አምስቴ ተሸነፍን

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ባልደርስ ጌት 3ን (አራት ሰው ይዘህ በየተራ የምትዋጋበትን የቪዲዮ ጌም) በቅርቡ ነው የጀመርኩት፤ ሌቨል 4 ላይ ነኝ። የራሴ ገጸ ባህሪ ፓላዲን (አስማትም የሚችል ተዋጊ) ነው። አብረውኝ ላይዜል፣ ካርላክ እና አስታሪዮን አሉ። የመረጥኳቸው ዳሜጃቸው (ጠላት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት) ከፍ ስለሚል ነው። ጎብሊኖች ሲገጥሙን ብዙም አልተቸገርንም። ዋሻው ውስጥ ያለችው ትልቋ ሸረሪት ግን አቃተችን። ካርላክ መጥረቢያዋን ይዛ ስትሮጥባት፣ ሸረሪቷ እልም ብላ ገደሉ ማዶ ብቅ ትላለች። ከዚያ ቆማ መርዝ ትተፋብናለች። ማንን አውጥቼ ማንን ላስገባ?

1ኛ መልስ

አስታሪዮንን አስወጣና ሻዶውሃርትን አስገባ። ፈዋሽ ከሌለህ በየውጊያው ትቸገራለህ።

2ኛ መልስ

ሻዶውሃርት በሚለው እስማማለሁ። አስታሪዮንን ግን እንዳትነካው! ከሩቅ በደንብ የሚመታልህ እሱ ብቻ ነው።

እኔም መጀመሪያ ስጫወት ቡድን የምመርጠው በዳሜጅ ነበር። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ጠላት 15 ሜትር ቢርቅ ይሄ ሰውዬ በተራው ምን ይሠራል? በአንተ ቡድን ሦስቱ ይሮጣሉ። ሮጠው ሳይደርሱ ተራቸው ያልቃል። ስለዚህ ከካርላክና ከላይዜል አንዷ ካምፕ ትቅር። የምትወዳትን ያዝ፤ ሁለቱም ከፊት ሆነው ነው የሚዋጉት።

ሻዶውሃርትን የሰው ጤና መሙያ ብቻ አድርገህ አትያት። ሂሊንግ ዎርድ የሚባለው አስማቷ የሚፈውሰው ትንሽ ነው፤ ግን እስከ 18 ሜትር ይደርሳል፣ የሚወስደውም ቦነስ አክሽን (በተራህ ከዋናው አክሽን ሌላ ያለህን ትንሽ እርምጃ) ብቻ ነው። የወደቀ ሰው ከሩቅ ታነሳለች፣ ዋናው አክሽኗም ይተርፋታል። ፓላዲንህም መፈወስ ይችላል፤ ግን የሚፈውሰው ሰው አጠገብ መድረስ አለበት።

ውጊያው ሲጀመር ደግሞ ብሌስ የሚባለውን አስማት ታድርግላችሁ። ሦስት ሰው ላይ ያርፋል። በምትመቱበትም መርዙን በምትቋቋሙበትም ጊዜ ዳይሳችሁ ላይ ከ1 እስከ 4 ይጨምርላችኋል። ፓላዲንህ ራሱ ብሌስ መያዝ ይችላል፤ ለእሷ ተውላት ግን። ብሌስ ኮንሰንትሬሽን (አስማቱን ይዞ የሚያቆይ ትኩረት) ይፈልጋል፤ ፊት ለፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበል ሰው ደግሞ ቶሎ ይበተንበታል። እሷ ከኋላ ትቁም። ሌላ ኮንሰንትሬሽን የሚጠይቅ አስማት ካስጠራሃት ብሌሱ ወዲያው ይጠፋል፤ እኔን ብዙ ጊዜ ያስከፈለኝ ይሄ ነው።

ሸረሪቷን በተመለከተ፣ የቆመችበትን ድር እየው። ይቃጠላል። ለአስታሪዮን የእሳት ቀስት ስጠው፣ ድሩ ላይ ስትወጣ ከሥሯ ያቃጥለው።

3ኛ መልስ

ዊዘርስ የሚባለውን ገጸ ባህሪ ካገኘኸው 100 ወርቅ ከፍለህ ሻዶውሃርትን እንደ አዲስ መሥራት ትችላለህ። ስትመጣ ትሪከሪ ዶሜይን (የማታለል አስማት ዘርፍ) ናት። እኔ ላይፍ (የፈውስ ዘርፍ) አድርጌያት አልተጸጸትኩም።

ጠያቂው

ላይዜልን ካምፕ ተውኳት፤ ካርላክን ማስቀረት አልቻልኩም፣ በጣም ነው የምወዳት። በሁለተኛው ሙከራ አለፍን! አስታሪዮን ድሩን ሲመታው ሸረሪቷ ቁልቁል ወረደች፤ ከወንበሬ ተነስቼ ነው ያየሁት። መጨረሻ ላይ ካርላክ ወድቃ ነበር፣ ሻዶውሃርት ከሩቅ አነሳቻት። የመጨረሻውን ምት የመታችውም ካርላክ ናት። በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ዊዘርስን ልፈልግ ነው።